የፋይሎችን መኖሪያና የፎልደሮችን ወሰን ለመደንገግ በረሖቮት የወጣ አዋጅ

አዋጅ! አዋጅ! የሰማህ ላልሰማ አሰማ! ማዳመጫ በጆሮህ ሰክተህ ኮድ የምትጽፍ፣ ንቀለውና ስማ። በቂርያት ሞሼ የምታድር፣ በሳይንስ ፓርኩ የምትውል፣ አውቶቡስ ውስጥ ላፕቶፕህን ጉልበትህ ላይ ዘርግተህ ኮሚት የምታደርግ ሁሉ፣ ይህ ቃል ለአንተ ነው። ለአንቺም ነው፤ የትናንቱን ቢልድ ያፈረሽው አንቺ ባትሆኚም።

አባታችን ይስሐቅ በጌራራ ሸለቆ የአባቱን የአብርሃምን ጉድጓዶች እንደገና ባስቆፈረ ጊዜ አባቱ ባወጣላቸው ስም እንደጠራቸው በኦሪት ተጽፎ ሳለ፣ የእኛ ሰዎች ግን የሌላውን ፋይል በተረከቡ ማግስት ስሙን የሚለውጡ ሆነው በመገኘታቸው፤

ይኸው ይስሐቅ በሁለት ጉድጓዶች ከእረኞች ጋር ተጣልቶ ሦስተኛውን ሲቆፍር ጠቡ እንደቀረ፣ በ1890 የተቆረቆረችው ከተማችንም ስሟን ከዚያው ከሦስተኛው ጉድጓድ እንደወሰደች እየታወቀ፣ ሁለት ሰው በአንድ ቀን አንድ ፋይል ላይ ጽፎ በመርጅ ሰዓት መነታረኩ የዘወትር ሥራ በመሆኑ፤

በዚህችው ከተማ በቫይዝማን ተቋም፣ በጄራልድ ኤስትሪን መሪነት ተሠርቶ በ1955 ሥራ የጀመረው የእስራኤል የመጀመሪያ ኮምፒውተር ቫይዛክ፣ መረጃ በተበሳ የወረቀት ጥብጣብ እየገባለት ለፕሮፌሰር ሃይም ፔከሪስ የውቅያኖሶችን መሙላትና መጉደል ሲያሰላ፣ እኛ ግን የአንዲት ቁልፍ ቀለም ለመቀየር ሪፖውን ሙሉ የምናስስ በመሆናችን (አልበርት አንስታይን ያ ማሽን ለዚህች አገር ምን ይጠቅማታል ብሎ ተጠራጥሮ እንደነበር ይነገራል፤ የእኛን ሪፖ ሳያይ ነው)፤

ፋይሉ የት እንዳለ የሚያውቀው ሰው አንድ ብቻ ሆኖ፣ እሱም ዘወትር ሚሉኢም (የተጠባባቂ ጦር ግዳጅ) ላይ በመሆኑ፤

የሚከተለው ታውጇል።

አንቀጽ 1፤ አጭር ርዕስ። ይህ አዋጅ «የፎልደር አዋጅ» ተብሎ ሊጠቀስ ይችላል። ቁጥር አልተሰጠውም። ረቂቆቹ «አዋጅ ሶፊ»፣ «አዋጅ ሶፊ ሶፊ» እና «አዋጅ ሶፊ ቤኤሜት አል ቲግዑ» (የምር የመጨረሻ፣ አትንኩ) በሚሉ ስሞች ተቀምጠው ስለተገኙ፣ የመጨረሻው የትኛው እንደሆነና የትኛውን መንካት እንደተከለከለ ኮሚቴው ሊስማማ አልቻለም።

አንቀጽ 2፤ ትርጓሜ። በዚህ አዋጅ ውስጥ «ቴምፕ» ማለት ከሦስት ዓመት በላይ የቆየ ፋይል ነው። «ኦልድ» ማለት ሰርቨሩ እስከ ዛሬ የሚሠራበት ኮድ ነው። «ኒው» ማለት የጀመረው ሰው ሥራ ሲለቅ ተንጠልጥሎ የቀረ ነው። «ይህዬ በሴዴር» (ይስተካከላል) ማለት ቴስት አልተጻፈለትም ማለት ነው።

አንቀጽ 3፤ ስለ ስም። የወጣ ስም ያለ በቂ ምክንያት አይለወጥ። ግድ ከሆነም፣ ፋይሉን የሚጠሩት ሁሉ በዚያው ኮሚት ይታረሙ። ብዙዎቻችን ወደዚህ አገር ስንገባ በመቀበያው ጠረጴዛ ላይ የዕብራይስጥ ስም ወጥቶልናል፤ አያቶቻችን ግን እስከ ዛሬ የሚጠሩን በድሮው ነው፣ እኛም አቤት እንላለን። ፋይል እንዲህ አይኖርም። በድሮ ስሙ የሚጠራው ፕሮግራም ዘመድ አይደለምና ወዲያው ይወድቃል። ሊነስ ቶርቫልድስ በ2005 የሠራው ጊትም ቢሆን የስም ለውጥን ለብቻው አይመዘግብም፤ የድሮውንና የአዲሱን ይዘት አመሳክሮ ይገምታል እንጂ። ስለዚህ ስሙን ቀይሮ በዚያው ኮሚት አብዛኛውን ኮድ የለወጠ ሰው የፋይሉን ታሪክ እንደቆረጠ ይቆጠራል።

ትልቅና ትንሽ የላቲን ፊደል በፋይል ስም ላይ አይደባለቅ። ዊንዶውስና ማክ እንደተለመደው ሁለቱን አንድ አድርገው ሲያዩ ሊኑክስ ግን ይለያቸዋል፤ ጠረጴዛህ ላይ የሠራው ኮድ ሰርቨሩ ላይ «እንዲህ ያለ ፋይል የለም» ሲልህ ሰርቨሩን አትስደብ። እኛ ትልቅና ትንሽ ፊደል የለንም ብሎ የሚኮራ ደግሞ «ፀሐይ»፣ «ጸሐይ»፣ «ፀሀይ»፣ «ጸሃይ» ብሎ አራት ጊዜ ያስቀምጥና ይቁጠር። ለአንባቢ አንድ ናቸው፤ ለኮምፒውተሩ አራት ፋይሎች ናቸው። ፋይልን በአማርኛ መሰየም አልተከለከለም፤ የተከለከለው በየሰዉ ሆሄ መሰየም ነው። «ኮን» እና «ኑል» የሚሉ የላቲን ስሞችም ከዶስ ዘመን ጀምሮ ዊንዶውስ ለራሱ የያዛቸው ስለሆኑ ማንም አይመኛቸው።

አንቀጽ 4፤ ስለ አሰፋፈር። ፋይሎች እስካሁን የሰፈሩት በዘራቸው ነበር፤ የገጽታው ሁሉ በአንድ መንደር፣ የዳታቤዙ ሁሉ በሌላ፣ ቴስቱ ሁሉ ዳር ላይ። በዘር መስፈር ምን እንደሚያመጣ ለኢትዮጵያዊ አንባቢ ማስረዳት አያሻም። በክፍያ ቅጽ ላይ አንዲት የስልክ ቁጥር መሙያ ለመጨመር ሁሉንም መንደር መዞር ሆነ። ከእንግዲህ አብረው የሚለወጡ አብረው ይኖራሉ፤ የክፍያ ገጽ፣ የክፍያ ስሌትና የክፍያ ቴስት «ክፍያ» በሚል አንድ ፎልደር ይሰፍራሉ። ዴቪድ ፓርናስ በ1972 ፕሮግራም መከፈል ያለበት በሥራው ቅደም ተከተል ሳይሆን፣ ነገ ሊለወጥ የሚችለውን ውሳኔ ለየብቻ በመሸሸግ ነው ብሎ ጽፏል። አዋጃችን ከዚያ በኋላ 50 ዓመት ገደማ ብቻ ነው የዘገየው።

ከዚህ የባሰው ሌላ ነው። ሜልቪን ኮንዌይ በ1968 እንዳለው የአንድ ድርጅት ሥራ የሠራተኞቹን መነጋገሪያ መልክ ይይዛል። የስልክ ቁጥር ትክክል መሆኑን የሚያረጋግጥ ኮድ በሪፖአችን በሦስት ፎልደሮች ተገኝቷል፤ ሦስቱ ጸሐፊዎች ቡና የሚቀዱት ከአንድ ኩሽና ነው። ከሦስቱ አንዱ ባዶ መስመርን ትክክለኛ ስልክ ነው ይላል። አዋጅ አውጪው ሰዎችን በአዋጅ ማፋቀር እንደማይችል ያውቃል፤ ቡናው እስኪወርድ ድረስ ግን «ምን እየጻፍክ ነው?» ተባብለው እንዲጠያየቁ ያዛል።

አንቀጽ 5፤ ስለ ዩቲልስ። ዩቲልስ ማለት የት እንደሚገባ ያልታወቀ ሁሉ የሚወረወርበት ፎልደር ነው። መርማሪዎች ሲከፍቱት «ዴት ዩቲልስ»፣ «ዴት ዩቲልስ 2» እና «ኒው ዴት ዩቲልስ» የሚሉ ፋይሎችን አገኙ። የመጀመሪያው የፈረንጆቹን ቀን ያትማል። ሁለተኛው በ19 ዓመት ውስጥ 7 ጊዜ አሥራ ሦስተኛ ወር እየጨመረ የዕብራውያንን ዘመን ያሰላል። ሦስተኛውን አንዲት ባልደረባችን ለእናቷ ስትል ጽፋዋለች፤ ጳጉሜን መቼ 5፣ መቼ 6 ቀን እንደምትሆን ያውቃል፣ በደንብም የተጻፈ ነው። በሦስቱም ውስጥ ያለው ትእዛዝ ስሙ አንድ ነው፤ «ፎርማት ዴት»። በዚህ የተነሳ ለአንድ ደንበኛ የክፍያው ቀን በአሥራ ሦስተኛው ወር እንደሆነ የሚገልጽ ደረሰኝ ተልኮለታል። ደንበኛው ዕዳው የተራዘመለት መስሎት አመስግኗል። ሦስቱም «ካሌንደር» ወደሚባል ፎልደር ይዛወሩ፤ እያንዳንዱም በሚያሰላው ዘመን ስም ይጠራ።

አንቀጽ 6፤ ስለ ባዶ ፎልደር። ጊት ባዶ ፎልደር አይይዝም። እኛም አንይዝም።

አንቀጽ 7፤ ስለ ቅጣት። በኮሚቱ ላይ «ቲኩኒም» (እርማቶች) ብቻ ብሎ የጻፈ ሰው፣ ከስድስት ወር በኋላ ምኑን እንዳስተካከለ በስብሰባ መካከል ቆሞ ያስረዳል። ማስታወስ ካቃተው የሱን ኮድ ማንበብ ያቃታቸውን ሰዎች ይቅርታ ይጠይቃል።

አንቀጽ 8፤ አዋጁ የሚጸናበት ጊዜ። ሠራተኞች በአንድ ድምፅ «አሕሬ ሃሐጊም»፣ ከበዓላት በኋላ ይሁን ብለው ለምነዋል። ኮሚቴው ተስማምቶ ነበር። ሆኖም የሱኮት ሰሞን ካለፈ በኋላ የቤተ እስራኤል ወገኖች ተነሥተው፣ ከዮም ኪፑር ሲቆጠር በ50ኛው ቀን፣ ሔሽቫን 29 ላይ የሚውለውና በ2008 በክኔሴት ሕግ የታወቀው የስግድ በዓል ገና መሆኑን አስታወሱ። ስግድን ስንጠብቅ ሐኑካ ደረሰ። ስለዚህ አዋጁ ከሚመጣው እሑድ ማለዳ ጀምሮ የጸና ይሆናል፤ ዩቲልስ ግን ባለበት ይቆያል፣ ማንም እንዳይነካው። የሁላችንንም ደመወዝ የሚያሰላው ኮድ ያለው እዚያ ነው።