በሰው አገር ዳታ ማብራት፦ ስለ ሮሚንግ፣ ስለ ቪዲዮና ስለ መንገደኛው ጠባይ

ከአገሩ የወጣ ሰው በጉዞው ከሚፈጽማቸው ተግባራት ሁሉ ከፍተኛውን ጥንቃቄ የሚያደርገው የስልኩን ዳታ ሲያበራ ነው። ለአውሮፕላን ትኬት ሲከፍል ያላመነታ፣ ለሆቴል አልጋ ሲጠየቅ ያልተከራከረ መንገደኛ በአንዲት ትንሽ ቁልፍ ፊት ጣቱን አንሥቶ ለረጅም ጊዜ ሲያሰላስል መታየቱ ጉዳዩ በቂ ምርመራ እንደሚገባው ያመለክታል። በዚህ ጽሑፍ «መንገደኛ» የሚባለው የአገር ቤት ሲም ካርዱን ሳያወጣ ድንበር የተሻገረ፣ ቻርጀሩን በእጅ ቦርሳው፣ የዘመዶቹን የቴሌግራም ግሩፕ በኅሊናው የተሸከመ ሰው ነው። «ቪዲዮ» የሚለው ቃል ደግሞ መንገደኛው ፈልጎ የከፈተውንም ሆነ ሳይፈልግ የተከፈተበትን ተንቀሳቃሽ ምስል በሙሉ ያጠቃልላል፤ ከሁለቱ የሚብሰው ሁለተኛው መሆኑ ወደ ፊት ይታያል።

ሮሚንግ አንድ ደንበኛ የራሱ ቴሌኮም መረብ በማይደርስበት ቦታ በሌላ ድርጅት መረብ እየተስተናገደ ሒሳቡን ለራሱ ድርጅት የሚከፍልበት ሥርዓት ነው። እያንዳንዱ ሲም ካርድ አገሩን የሚናገር ባለ ሦስት አኃዝ መለያ ይይዛል፤ የኢትዮጵያው 636፣ የተባበሩት ዓረብ ኤምሬቶች 424፣ የቻይናው 460 ነው። አውሮፕላኑ መሬት ነክቶ ስልኩ ሲከፈት በአካባቢው ያሉትን መረቦች መለያ ከራሱ ጋር አነጻጽሮ እንግድነቱን ይረዳል፤ በብዙ ስልኮች ላይም ከሲግናሉ ጎን አንዲት የላቲን «አር» ብቅ ትላለች። ባለቤቱ ገና የሻንጣ መቀበያውን እየፈለገ ባለበት ሰዓት ስልኩ ስደተኛ መሆኑን ተቀብሎ ጨርሷል።

በተለመደው የሮሚንግ አሠራር የእንግዳው ዳታ ካረፈበት አገር በቀጥታ ወደ ኢንተርኔት እንደማይወጣ ብዙ መንገደኞች አያውቁም። መጀመሪያ ወደ አገር ቤቱ ድርጅት ማዕከል ይሄዳል፣ ከዚያ ወደ ኢንተርኔት ይወጣል፣ የተጠየቀውን ይዞም በሄደበት መንገድ ይመለሳል። ዱባይ ዴይራ ውስጥ አልጋው ላይ ጋደም ብሎ አጭር ቀልድ የሚያይ ሰው ዳታው በየሰከንዱ ኢትዮጵያ ደርሶ እየተመለሰለት ነው ማለት ነው። ለአገር ፍቅር ከዚህ የበለጠ ተጨባጭ ማስረጃ ማግኘት ያስቸግራል፤ ችግሩ ወጪውን የሚሸፍነው መንገደኛው ራሱ መሆኑ ላይ ነው።

ዋጋው የሚወደድበት ምክንያት ምሥጢር አይደለም። አስተናጋጁ ድርጅት ለመረቡ የጅምላ ዋጋ ይጠይቃል፣ የአገር ቤቱ ድርጅት የራሱን ይጨምርበታል፣ መንገደኛው ደግሞ ሁለቱ ሲዋዋሉ በቦታው አልነበረም። በዚህ ረገድ ብዙ የተጻፈበት የአውሮፓ ኅብረት ታሪክ ሲሆን፣ ኅብረቱ እ.ኤ.አ. ከጁላይ 1 ቀን 2012 ጀምሮ በሮሚንግ ለአንድ ሜጋባይት ከ70 ሳንቲም ዩሮ በላይ እንዳይጠየቅ ጣሪያ አስቀመጠ። ይህ በወቅቱ እንደ ምሕረት የተቆጠረ ዋጋ በሥራ ላይ ሲታይ የሚከተለውን ይመስላል፦ ኔትፍሊክስ ለደንበኞቹ እንደሚገልጸው በመካከለኛ ጥራት የሚታይ ፊልም በሰዓት እስከ 0.7 ጊጋባይት ስለሚፈጅ፣ የአንድ ሰዓት ፊልም ግብር ሳይጨመርበት ወደ 490 ዩሮ ይደርሳል። ደግነቱ እ.ኤ.አ. በ2010 ሥራ ላይ በዋለ ሌላ ደንብ መሠረት ደንበኛው የተለየ ምርጫ ካላደረገ በቀር ሒሳቡ 50 ዩሮ ሲሞላ መስመሩ ይቋረጥ ስለነበር፣ ፊልሙ በስድስተኛው ደቂቃ ገደማ፣ ማለትም ዋናው ተዋናይ ገና ከቤቱ ሳይወጣ ያበቃል። እ.ኤ.አ. ከጁን 15 ቀን 2017 ወዲህ በኅብረቱ አገሮች መካከል የሮሚንግ ተጨማሪ ክፍያ ስለቀረ፣ ሮም የሚኖር ኢትዮጵያዊ ስቶክሆልም ያለች እኅቱን ሊጠይቅ ሲሄድ በጣሊያን ጥቅሉ እንደ ቤቱ ይጠቀማል፤ መንገዱን ወደ ጄኔቭ ካደረገ ግን ስዊዘርላንድ በዚህ ደንብ ውስጥ ስለሌለች ባቡሩ ድንበር ሲሻገር ውሉን ቢያነብ ይሻለዋል። የኢትዮጵያ ሲም ይዞ የሄደውን መንገደኛ ይህ ሁሉ አይመለከተውም። እርሱን የሚጠብቀው የቅድመ ክፍያ ሒሳብ ነው፤ ካርዱ ሲያልቅ ሁሉም ነገር ጸጥ ይላል፣ ጥፋቱም ከሞላው ካርድ አይበልጥም። ብዙ ሊቃውንት የደከሙበትን የወጪ ቁጥጥር ድህነት በቀላሉ ያከናወነበት አንዱ መስክ ይህ ነው።

ወደ ቪዲዮው ስንሻገር፣ ስለ ፍጆታ የሚነሡ ክርክሮች ሁሉ የሚዘነጉት አንድ መሠረታዊ ነገር አለ። በዛሬው ዘመን በኢንተርኔት የሚታይ ቪዲዮ ሙሉውን እንደ አንድ ፋይል አይወርድም፤ ጥቂት ሰከንድ በሚረዝሙ ቁርጥራጮች ተከፋፍሎ፣ እያንዳንዱ ቁራጭ በተለያየ የጥራት ደረጃ ተዘጋጅቶ ይቀመጣል። መተግበሪያው የመረቡን ፍጥነት በየጊዜው እየለካ ቀጣዩን ቁራጭ በየትኛው ጥራት እንደሚያወርድ ይወስናል። መረቡ ሲደክም 144 ወይም 240 ፒ ይወርዳል፣ የሰው ፊት ከግድግዳው ጋር ይቀላቀላል፤ መረቡ ሲበረታ ማንም ሳይጠይቀው ወደ 720 እና 1080 ፒ ያድጋል። ያው ኔትፍሊክስ እንደሚለው ፊልሙ በኤችዲ ሲሆን በሰዓት እስከ 3፣ በ4ኬ ሲሆን እስከ 7 ጊጋባይት ሊወስድ ይችላል።

ከዚህ የሚከተለው መደምደሚያ ለመንገደኛው ክብር አይስማማም፤ ይኸውም በአገር ቤት ቆጣቢ የነበረው እርሱ ሳይሆን ኔትወርኩ መሆኑ ነው። በኢትዮጵያ ቪዲዮ የከፈተ ሰው ክቧ ምልክት ስትዞር ያያል፣ ስልኩን ወደ መስኮት ያስጠጋል፣ አንድ ሁለት ጊዜ ዳታውን አጥፍቶ ያበራል፣ በመጨረሻም ተስፋ ቆርጦ ወደ ሥራው ይመለሳል፤ ጥቅሉም እስከ ሳምንቱ መጨረሻ ይደርሳል። ደካማው መረብ እንደ ቁጡ ሞግዚት ሆኖ ሲጠብቀው የኖረውን ይህን ሰው ያለ ሞግዚት በአምስተኛው ትውልድ መረብ መካከል ማቆም ምን እንደሚያስከትል ለመገመት አያዳግትም። ቪዲዮው ገና ሲነካ ይከፈታል፣ እንደ መስተዋት ጥርት ይላል፣ መንገደኛውም «አይ ኔትወርክ!» ብሎ አድንቆ ሳይጨርስ ሒሳቡ ማለቁን የሚገልጽ አጭር መልእክት ይደርሰዋል።

ይህ እንግዲህ ፈልጎ ለከፈተው ነው። ሳይፈለግ የሚከፈተው ቪዲዮ ከዚህ የረቀቀ ባሕርይ አለው። የማኅበራዊ ሚዲያ መተግበሪያዎች ገጹ ሲንሸራተት ቪዲዮውን በራሳቸው ያጫውታሉ፤ በአጫጭር ቪዲዮ የሚታወቁት ደግሞ ተመልካቹ ገና አንደኛውን ሳይጨርስ ተከታዩን ቀድመው ያወርዳሉ፣ ያም ማለት ላልታየ ነገር ይከፈላል። ከእነዚህ በላይ አስፈሪው ግሩፕ ነው። የቤተሰብ፣ የአብሮ አደግ፣ የዕድርና የቀድሞ ተማሪዎች ግሩፕ በመስከረም መባቻ ብቻ የሚለዋወጠው በአደይ አበባ የተንቆጠቆጠ የመልካም ምኞት ቪዲዮ ብዛት ላኪዎቹን ሁሉ አንድ ላይ ሰብስቦ በቃል ከማስመኘት ይልቅ እጅግ የከበደ ሲሆን፣ ያው አንዱ ቪዲዮ በአምስት ዘመድ በኩል አምስት ጊዜ መድረሱም የተለመደ ነው። የቴሌግራምና የዋትስአፕ ሠሪዎች ይህን አስቀድመው የተረዱ ይመስላል፤ በአንድሮይድ ስልኮች ላይ ፎቶና ቪዲዮ በራሱ እንዲወርድ ወይም እንዳይወርድ የሚወሰንበት ቦታ ለሞባይል ዳታ፣ ለዋይፋይና ለሮሚንግ ሦስት የተለያዩ ምርጫዎች ተዘጋጅተውለታል። ሦስተኛውን ምርጫ ከመነሣቱ በፊት ከፍቶ ያየ መንገደኛ ግን ብርቅ ነው።

መንገደኛው ራሱ የሚቀርጸው ቪዲዮም አለ። የዱባዩ ሕንፃ ቡርጅ ኸሊፋ 828 ሜትር ስለሚረዝም ከእግሩ እስከ ጫፉ በአንድ ቀረጻ ለማስቀረት ዝግ ያለ እጅና ወደ ኋላ የሚታጠፍ አንገት ይጠይቃል። የአፕል ስልክ በ4ኬ ጥራት፣ በሰከንድ 30 ምስል ሲቀርጽ አንዱ ደቂቃ ወደ 170 ሜጋባይት ይሆናል፤ ስልኩ ቪዲዮዎችን በሮሚንግም ጭምር ወደ ደመና ማከማቻ እንዲያስቀምጥ ተፈቅዶለት ከሆነ፣ ሕንፃው ያለ አሳንሰር እንደገና ወደ ሰማይ ይወጣል።

ከሁሉ በላይ ሰፊ ትንታኔ የሚገባው የእናት ጥሪ ነው። የድምፅ ጥሪ በኢንተርኔት ሲደረግ በደቂቃ አንድ ሜጋባይት እንኳ ላይሞላ የሚችል ሲሆን የቪዲዮ ጥሪ ግን ብዙ እጥፍ ይወስዳል፤ ይህንንም ልጅ ያውቃል፣ ለማስረዳትም ይሞክራል። ይሁን እንጂ ጥሪው የሚካሄድበት ሥርዓት ለማስረዳት ቦታ የለውም። በመጀመሪያ «ምነው አትታየኝም?» ይባላል፤ ካሜራው ሲከፈት ለጥቂት ሰከንድ የሚታየው ጣሪያ ነው። ቀጥሎ «ምነው ከሳህ?» የሚለው ብያኔ ይሰጣል። ይህ ብያኔ ምስሉ ገና ሳይጠራ፣ አንዳንዴም ገና ጣሪያው እየታየ የሚሰጥ በመሆኑ ከቪዲዮው ጥራት ጋር አንዳችም ዝምድና የለውም፤ ስለዚህም በድምፅ ጥሪ ቢተካ ከፍርዱ የሚጎድል ነገር አይኖርም ብሎ መከራከር ይቻላል፣ ነገር ግን ይህን ክርክር ለእናቱ ያቀረበ ልጅ እስካሁን አልታየም። ከዚያ «እስቲ ቤቱን አዙረህ አሳየኝ» ይከተላል፤ ካሜራው ሲዞር ምስሉ በሙሉ ስለሚለወጥና የሚንቀሳቀስ ምስል ከቆመ ምስል ይልቅ ለመጭመቅ ስለሚያስቸግር፣ በጥሪው ውስጥ እጅግ ውዱ ክፍል ይህ ነው። ጥሪው በስንብት ያለቀ ሲመስል ስልኩ ለጎረቤት ይሰጣል፤ ጎረቤቲቱም እግዜር ይስጣቸውና ከመጀመሪያው ይጀምራሉ።

እንዲህ ዓይነቱ ወጪ ያስመረረው መንገደኛ ወደ ዋይፋይ ፍለጋ ይገባል። ዘመድ ቤት ላረፈ ሰው የፓስወርድ ጥያቄ የራሱ ወግ አለው። በአሜሪካ ሲልቨር ስፕሪንግ ውስጥ አንድ ቤት የደረሰ እንግዳ ገና ካፖርቱን ሳያወልቅ አይጠይቅም፤ የሁሉም ደኅንነት ይጠየቃል፣ ቡናው ይቀርባል፣ ከዚያ በኋላ «እትዬ፣ እዚህ ዋይፋይ ይሠራል?» የሚል፣ ስለ መሣሪያው ጤንነት ብቻ የሚመስል ጥያቄ ይሰነዘራል። እትዬም «አይ ልጄ፣ ልጆቹ ናቸው የሚያውቁት» ይላሉ፤ ልጆቹ ትምህርት ቤት ስለሆኑ አስተናጋጅና እንግዳ ከቴሌቪዥኑ ጀርባ ተንበርክከው በስልክ ባትሪ ብርሃን ከሳጥኑ ሥር የተለጠፈችውን ወረቀት ያነባሉ፤ የአሥራ ምናምን ፊደሉ ስድስተኛው ዜሮ ይሁን ኦ መለየት ሳይቻል ቡናው ይቀዘቅዛል።

መድኃኒቱ ምንድን ነው ለሚል፣ ከሁሉ አንጋፋው ከመነሣት በፊት የሚወሰደው ነው። በአዲስ አበባ በየሰፈሩ «ፊልምና ሙዚቃ እንጭናለን» የሚል ጽሑፍ በበራቸው የለጠፉ ትንንሽ ሱቆች የዳታ ቁጠባን ያለ ምንም ስብሰባና ዐውደ ጥናት ሲያስፋፉ የኖሩ ተቋማት ናቸው፤ ሚሞሪ ካርዱን ሰጥቶ የተቀመጠ ደንበኛ የአንድ ወር ድራማ ይዞ ይወጣል፣ አንድም ሜጋባይት አይከፍልም። የቀረው ቀላል ነው፦ የቪዲዮውን ጥራት በእጅ ወደ 360 ፒ ዝቅ ማድረግ፣ በራሱ መጫወቱን ማጥፋት፣ ከደረሱ በኋላ የአገሩን ሲም ወይም ስልኩ ከተቀበለ በሶፍትዌር የሚጫነውን ኢሲም መግዛት። የአገሩን ሲም ያስገባ ስልክ ግን ራሱን እንግዳ አድርጎ ስለማይቆጥር በሮሚንግ ረድፍ የተከለከለው ሁሉ በሞባይል ዳታ ረድፍ ተፈቅዶ ሊያገኘው ይችላል።

ይህ ሁሉ ምክር የሚናጋበት አንድ ከተማ አለ፤ እርሱም ዕቃ ለማምጣት የሚሄዱ ኢትዮጵያውያን ነጋዴዎች በሚገባ የሚያውቁት ጓንጁ ነው። በቻይና ቴሌግራም፣ ዋትስአፕ፣ ፌስቡክና ዩቲዩብ የተዘጉ ስለሆኑ የሆቴሉ ዋይፋይ በነፃ ተሰጥቶ፣ ፈጥኖ፣ ከመርካቶ ጋር ግን አያገናኝም። በአንጻሩ ቀደም ሲል እንደተገለጸው የሮሚንግ ዳታ ወደ ኢንተርኔት የሚወጣው በአገር ቤት በኩል በመሆኑ የቻይናው መዝጊያ አይነካውም፤ ቴሌግራሙ ይከፈታል፣ ሒሳቡም ይሄዳል። ነጋዴው በነፃው በማይከፈትና በውዱ በሚከፈት መካከል ቆሞ የጨርቅ ናሙና ፎቶ ይልካል። መርካቶ ያለው ሸሪኩ «ፎቶው ቀለሙን አያሳይም፣ በቪዲዮ አንሥተህ ላክልኝ» ይለዋል። ነጋዴው ቀዩንና ሰማያዊውን ጥቅል በመብራት ሥር ዘርግቶ፣ እያገላበጠ፣ ጠርዙን እየሳበ የሁለት ደቂቃ ቪዲዮ ቀርጾ ዓይኑን ጨፍኖ በሮሚንግ ይልካል። መልሱ ለመድረስ አይዘገይም፤ «ጥቁሩስ የለም እንዴ?»