አሊፍ ተጋገረች!

እናንተዬ፣ የዐረብኛ ፊደሏ አሊፍ ስትጋገር አይታችሁ ታውቃላችሁ? እኔ እዚሁ ደሴ፣ በገዛ ቤቴ፣ በዓይኔ በብረቱ አየሁ። ምራቴ ለዳቦ ካቦካችው ሊጥ ቆርሳ ለልጆቹ ትሰጣለች፤ እነሱ ያድቦለቡሉታል፣ ያስረዝሙታል፣ ያጎብጡታል። ቀጥ ብሎ የቆመው አሊፍ፣ የተንጋለለው ባ ነው አሉ። ከዚያ ምጣድ ላይ ይጋገራል፤ የፊደሉን ስም የጠራ ይበላዋል። የልጅ ልጄ ጂምን ሁለቴ ከበላት ወዲህ ረስቷት አያውቅም። ታዲያ ይኼ ትምህርት ነው ወይስ ቁርስ?

እኛ ገጠር ስንቀራ የእንጨት ሎህ፣ የመቃ ብዕር፣ ከጥላሸት የተበጠበጠ ቀለም፣ ከዚያ ደግሞ አለንጋ ነበር። በቃ። ሸኻችን ከፊት ይቀመጣሉ፣ እኛ ጮኸን እንቀራለን፤ ማታ ማታ በእሳት ብርሃን፣ ጭሱ ዓይናችንን እየለበለበን። ያጠናነውን ካሰማን ሎሁ ታጥቦ አዲስ ይጻፍበታል፤ ካላሰማን የሚታጠበው ሌላ ነው። ለመሆኑ ሸኽ ጦልሐ ኢብኑ ጀዕፈር በዐረብኛ ፊደል የአማርኛ መንዙማ የጻፉት ሊጥ አድቦልቡለው ይመስላችኋል?

ይሁን፣ ሊጡንስ ቻልኩት። ያልቻልኩት የነጥቡን ጨዋታ ነው። የዐረብኛ ፊደል 28 ነው፤ ከነዚህ ውስጥ 15ቱ ባለ ነጥብ ናቸው። ባ ከሥሯ አንድ፣ ታ ከላይዋ ሁለት፣ ሣ ከላይዋ ሦስት፤ አካላቸው አንድ ሆኖ የሚለያቸው ነጥቡ ብቻ ነው። ምራቴ ታዲያ ፊደሎቹን ያለ ነጥብ በጠመኔ ወለሉ ላይ ትጽፍና ልጆቹ ነጥቡን በምስር ያሟላሉ። ጥሩ ነበር፤ ዶሮዋ ገብታ አንዷን ምስር ለቀም ስታደርጋት ሣ ታ ሆና ቀረች። ልጁ አለቀሰ። ዶሮ የማትበላው ነጥብ ተፈለገ፤ ሱብሃነላህ፣ የተገኘው የኔ ሙስበሃ ነው! ክሩ ተበጠሰ። የ28ቱም ፊደል ነጥብ ሲደመር 22 ነው፤ የኔ ሙስበሃ ደግሞ 33 ፍሬ ነበር። 11ዱ ተመለሰልኝና ኪሴ ውስጥ ይንቃጨላል። ብቆጣ፣ «አባባ፣ ለዒልም እኮ ነው፤ አጅሩ ለእርስዎም ይጻፋል» አለችኝ። ከአጅር ጋር ማን ይሟገታል?

ደግሞ የመያያዝ ጨዋታ አለ። አሊፍ፣ ዳል፣ ዛል፣ ራ፣ ዛይና ዋው የሚባሉ ስድስት ኩሩ ፊደሎች አሉ፤ ከፊታቸው የመጣው ይይዛቸዋል እንጂ እነሱ ለሚከተላቸው እጅ አይሰጡም። ልጆቹ ከቀኝ ወደ ግራ ይሰለፋሉ፤ ሌላው ይያያዛል፣ እነዚህ ስድስቱ ግራ እጃቸውን ኪሳቸው ይከታሉ። የልጅ ልጄ ዋው ሆኖ ውሎ ማታ እራት ላይ «ሳህኑን ለእህትህ አቀብላት» ብለው፣ «ዋው ነኝ፣ አልሰጥም» አለኝ። እኔንም «አባባ ከዘራ ስላላቸው አሊፍ ይሁኑ» ብለው አቆሙኝ። ወገቤ እኮ ዳል ከሆነ ስንት ዘመኑ!

የማማርረው ግን ለከንቱ አይደለም። በዚህ ሁሉ ዓይናቸው ተምሯል፤ የፊደሉን ቅርፅ ከኔ ፈጥነው ይለያሉ፣ አልክድም። ጆሯቸውና ጉሮሯቸው ግን ሥራ ፈቷል፤ ሊጥ አይናገርማ። እኛ አማርኛ ተናጋሪዎች ሀና ሐን፣ አና ዐን ስንጽፍ እንለያለን እንጂ አፋችን አንድ ካደረጋቸው ቆይቷል። ዐረብኛ ላይ ይኼ አያዋጣም። «ዐሊም» ዐይን በሚባለው ፊደል ሲሉት ሁሉን ዐዋቂ ነው፤ ዐይኑን አሊፍ ካደረጉት የሚያሳምም ይሆናል። ልጆቹ ጧንም እንደኛ ጠ አፈንድተው ይሉታል፤ ዐረቡ ግን አፉን ሞልቶ ነው እንጂ አያፈነዳውም። ይኼን የትኛው ምጣድ ያስተምራቸዋል? እኛን ያስተማረን የሸኻችን አፍ ነው፤ ዐይንን ከጉሮሮ እስክናወጣት ድረስ ወደሚቀጥለው ፊደል አያሳልፉንም ነበር።

ስለዚህ እናቶችና አባቶች፣ አጫውቱ፣ አሸዋም ላይ ይጻፉ፣ ግድ የለኝም። ግን ልጁን አስተካክሎ ከሚያነብ ሰው ፊት ለፊት አስቀምጡት፤ አፍ አፉን እያየ ይድገም። ነጥብ ካስፈለጋችሁ ደግሞ በየሱቁ በር ቆርኪ ሞልቷል፤ ወላሂ፣ የሽማግሌ ሙስበሃ አትንኩ!