ድፎ ድንበር ሲሻገር

እባብ በሕጋዊ መንገድ ከአገር ወደ አገር ማሻገር ይቻላል። ይህን የምጽፈው ማንንም ለማበረታታት አይደለም። እናቴ እስካሁን ስላላመነች ነው።

እባቡ የእህቴ ልጅ ንብረት ነው። ልጅቱ መጀመሪያ ውሻ አለች፤ እናቴ ጸበል የሚቀመጥበት ቤት ውሻ አይገባም አለች። ድመት አለች፤ እናቷን ፀጉሩ ያስነጥሳታል ተባለ። ነገሩን በሆዷ ይዛ ቆየችና አንድ ቀን የማይጮህ፣ የማይሸት፣ ፀጉር የሚባል ያልፈጠረበት እንስሳ ይዛ ከች አለች። ሕጉን ያወጣነው እኛው ነን፤ ማን ይከራከራታል? ቦል ፓይተን ይሉታል፤ ሲደነግጥ ጭንቅላቱን መሀል ቀብሮ ስለሚጠቀለል ነው ስሙ። ተጠቅልሎ ሲተኛ ቡናማና ወርቃማ ሆኖ ከምጣድ የወጣ ድፎ ዳቦ ስለሚመስል ድፎ ተባለ። እናቴ ግን በስሙ ጠርታው አታውቅም። «ያ ነገር» ነው የምትለው፤ ይህንንም በቀን ብቻ። ሲመሽ ጭራሽ አይነሳም።

ዋሽንግተን አጠገብ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ ያለው የእህቴ ፍሪዘር መጎብኘት ያለበት ነው። ከላይ እንጀራ፣ ከመሀል በርበሬና ኮረሪማ፣ ከታች ደግሞ በፕላስቲክ የታሸጉ በረዶ የሆኑ አይጦች። በሁለቱ መሀል እናቴ ያነጠፈችው ፎይል አለ፤ በሁለት አገሮች መካከል እንደዚያ የተከበረ ድንበር አላየሁም።

እንግዲህ እህቴ ቶሮንቶ ሥራ አገኘች። ሁሉም ሰው የጠየቀው የቤት ኪራይ ስንት ነው ብሎ ነው። ልጅቱ የጠየቀችው «ድፎስ?» ብላ ነው።

ወሬው ቡና ቤት ሲደርስ ምክር ጎረፈ። አንዱ ወዳጃችን «ይሄ ምን ችግር አለው፣ ሱሪህ ውስጥ ክተተውና እለፍ» አለኝ። የተሞከረ መሆኑን አላወቀም። እ.ኤ.አ. በ2018 አንድ ሰው ሦስት የበርማ ፓይተኖች ሱሪው ውስጥ አድርጎ፣ አውቶቡስ ተሳፍሮ ከካናዳ ወደ ኒው ዮርክ ሲገባ ተይዞ በኋላ ተከሷል። ከእሱ በፊት በ2014 ደግሞ አንድ ካናዳዊ ተማሪ 51 ኤሊዎች በእግሮቹ ላይ በፕላስተር አጣብቆ ሊሻገር ሲል ተያዘና አምስት ዓመት ሊሞላ ጥቂት የቀረው እስራት ተፈረደበት። ሃምሳ አንድ! እኔን የቸገረኝ ወንጀሉ አይደለም፤ ሰውየው እንዴት ነበር የሚራመደው?

አዲስ አበባ ያለው የአክስቴ ልጅ ደግሞ ልጅቱ እንስሳ መውደዷን ሰምቶ «ከእባብ ኤሊ አይሻልም? ከላንጋኖ አንዷን ልላክላት» ብሎ ደወለ። ያቺ ጀርባዋ ዝንጉርጉር የሆነች የስምጥ ሸለቆ ኤሊ እንዲህ በቀላሉ የምትላክ መስሎታል። ከአገር ለመውጣት ከዱር እንስሳት ጥበቃ ባለሥልጣን ፈቃድ ያስፈልጋታል። አሜሪካ ደግሞ ከ2000 ጀምሮ እንድትገባ አትፈልግም፤ ጥፋቱ የኤሊዋ ሳይሆን የመዥገሯ ነው። የአፍሪካ መዥገር ኸርትዎተር የሚባል የከብት በሽታ ያስተላልፋል፤ የኤሊ ብብት ሥር ተለጥፎ መጥቶ የአሜሪካን ላም እንዳይፈጅ ተፈርቶ ነው። «ቪዛ የተከለከለችው በመዥገር ነው በላት» ብዬ ስልኩን ዘጋሁ።

ለድፎ ግን መንገድ አለ። ነገሩ ሁሉ የሚመነጨው ሳይትስ ከሚባለው ስምምነት ነው፤ በ1973 የተፈረመው እዚሁ ዋሽንግተን፣ ከእህቴ ቤት በመኪና ግማሽ ሰዓት በማይሞላ ቦታ ነው። አሁን ከ180 በላይ አገሮች ገብተውበታል፤ ኢትዮጵያም ከ1989 ጀምሮ አባል ናት። አራዊቱን በሦስት መዝገብ ይከፍላቸዋል። በመጀመሪያው ያሉት ሊጠፉ የደረሱት ናቸው፤ ሁለተኛው እንዳይጠፉ የሚጠበቁት ነው፤ ሦስተኛው አንድ አገር «የእኔን እርዱኝ» ያለባቸው። የፓይተን ዘር ከሞላ ጎደል ሁለተኛው ላይ ነው፤ ድፎም እዚያው። ስለዚህ ከአሜሪካ ለመውጣት ፈቃድ፣ ካናዳ ለመግባት ያንኑ ፈቃድ ዋናውን ማሳየት። ፎቶ ኮፒ አይሠራም። ፈቃዱም ስድስት ወር ብቻ ነው የሚያገለግለው።

ማመልከቻውን የሞላነው እሑድ ከቤተ ክርስቲያን መልስ፣ ቡና እየተፈላ ነው። ዓላማው በፊደል ነው የሚገለጸው፤ ለንግድ ቲ፣ ለአራዊት ማሳያ ዜድ፣ ለሰርከስ ኪው፣ ለግል ፒ። ፒ ብለን ሞላን፤ ቤታችንን ለሚያውቅ ግን ኪው ይቀርበው ነበር። ቀጥሎ ምንጭ ይላል። ከዱር ከተያዘ ደብሊው፣ ስምምነቱ ሳይመጣ የተገኘ ከሆነ ኦ፣ ተወርሶ ከሆነ አይ፣ ካልታወቀ ዩ። ሲ ለመባል ግን በሰው እጅ መወለድ ብቻውን አይበቃም፤ ወላጆቹስ የት ተራቡ የሚል ጥያቄ አለ። እናቴ ሲኒ እያጠበች ታዳምጥ ኖሮ፣

«ለጋብቻ ነው እንዴ?» አለች። «እስከ ሰባት ቤት ይቆጠራል?»

ደግነቱ ያራባው ሰው ደብዳቤ ጻፈልን። ድፎ ከዕንቁላል የወጣበት ቀን፣ ወሩ፣ ዓመቱ፣ እናትና አባቱ በእጁ እንዳሉ ሳይቀር። ይህ ዘር በብዛት የሚላከው ከጋና፣ ከቶጎና ከቤኒን ነው፤ ድፎ ግን አፍሪካን ረግጦ አያውቅም፤ የሚረግጥበት እግር ባይኖረውም። በእናቴ ፓስፖርት ላይ የተጻፈው የልደት ቀን ጃንዋሪ 1 ነው፤ እሷ የምታውቀው ኅዳር ሚካኤል ሰሞን መሆኑን ብቻ ነው። በዚያ ቤት የልደት ቀናቸው በማስረጃ የተረጋገጠው ልጅቱና እባቡ ናቸው።

ጾታ የሚለው ላይ ግን ቆምን። የእንስሳት ሐኪም ዘንድ ተወሰደ። ሐኪሙ ቀጭን፣ ጫፉ ደብዛዛ ዘንግ ይዞ ከጅራቱ በኩል ጥቂት ከመረመረ በኋላ «ሴት ናት» አለ። ከዚያ ቀን ጀምሮ ድፎ እሷ ሆነች። ልጅቱ በአንድ ቀን ለመደችው። እናቴ ግን ነገሩ ከብዷት «ደግሞ ትወልዳለች?» ብላ ጠየቀች። ዝም ማለት ነበረብኝ። አፌ አያርፍምና፣ በሴንት ሉዊስ መካነ እንስሳት የምትኖር፣ 62 ዓመት ይሆናታል የተባለች የዚሁ ዘር እባብ በ2020 ከ15 ዓመት በላይ ወንድ ሳታይ ዕንቁላል ጣለች አልኳት። እናቴ አማተበች። ሲኒዎቹንም ደግማ አጠበቻቸው።

ጉዞው ነሐሴ ላይ፣ ፍልሰታ ሳይፈታ ሆነ። እባብ መንገድ ከመሄዱ በፊት አይበላም፤ የበላውን ይመልሳልና ሳምንት ያህል ሆዱ ባዶ መሆን አለበት። «እሷም ይዛለች?» አለች እናቴ፤ ስለ ድፎ የተናገረችው የመጀመሪያ ደግ ቃል ይህ ነበር።

አስተሻሸጉን ላሳያችሁ። የትራስ ልብስ ተገልብጦ ይታያል፤ ስፌቱ የተተረተረ እንዳይሆን። ድፎ ትገባለች፣ የልብሱ አፍ ይጠመዘዝና ይቋጠራል፣ ቋጠሮው በላስቲክ ይታሰራል። ከዚያ አየር መግቢያ የተበሳለት የፎም ሣጥን፣ በላዩ «ሕይወት ያለው እንስሳ» የሚል ጽሑፍ። ጨለማ ስለምትወድ ወዲያው ትረጋጋለች። ያልተረጋጋነው እኛ ነን። እሷ ሙቀት ትፈልጋለች፣ እናቴ አየር ማቀዝቀዣ ትፈልጋለች፤ እስከ ቡፋሎ ድረስ መስኮት ሲከፈትና ሲዘጋ ሄድን። በመንገድ ላይ ስንቆም በነሐሴ ፀሐይ እባብ መኪና ውስጥ ጥሎ መውረድ አይቻልም፤ በየተራ ስንጠብቅ እናቴ ተራዋን ለእኔ ሰጥታኛለች። ልጅቱ ደግሞ ከኋላ ሆና ለገና ይዛት ስለምትመለስበት ሌላ ወረቀት ታስረዳለች፤ ለሚመላለስ የቤት እንስሳ የሚሰጥ የባለቤትነት ምስክር ወረቀት አለ፣ እስከ ሦስት ዓመት ያገለግላል፣ ሰው ፓስፖርት ይለዋል፤ በዚያ መሀል ብትወልድ ግን ልጆቿ የየራሳቸው ወረቀት ያስፈልጋቸዋል።

«ለገና?» አለች እናቴ።

ቡፋሎ ላይ የዱር እንስሳት ተቆጣጣሪዋ ቀድሞ በተያዘው ቀጠሮ ጠበቀችን። ሣጥኑን ከፈተች፣ ቋጠሮውን ፈታች፣ ወረቀቱን አየች፣ ድፎን አየች። ወረቀቱ አንድ ይላል፤ ሣጥኑም ውስጥ አንድ ናት። ማኅተሙ ተመታ። ያ ማኅተም ከሌለ የሁለት ወር ልፋት ከንቱ ነው፤ ብዙ ሰው የሚቸገረውም ፈቃዱን ይዞ ማኅተሙን ረስቶ ሲሻገር ነው። ከዚያ በ1927 የተከፈተው የሰላም ድልድይ፣ ከሥሩ የናያግራ ወንዝ፣ ማዶ ካናዳ።

የካናዳው ሹም ወጣት ነው።

«የሚያስመዘግቡት ነገር አለ?»

«እባብ» አልኩት።

ወረቀቱን ተቀበለ፣ አነበበ፣ «ጥሩ ነው» ብሎ ቅጂውን ወሰደ። «ሌላስ? ምግብ?»

እናቴ ፊቷ ሲለወጥ በመስታወት አየሁት። እግሯ ሥር ያለው ዘንቢል ውስጥ ለፍስኩ ያዘጋጀችው ቋንጣ አለ። ቤት ውስጥ የተዘለዘለ፣ በርበሬ የጠጣ፣ ገመድ ላይ የደረቀ፣ በፌስታል የታሰረ። ሹሙ ገልጦ አሸተተና ምን እንደሆነ ጠየቀ። ሥጋ ነው አልኩት። የምን ሥጋ? የበሬ። ከየት? ጽሑፉ የታለ? የየት አገር ሥጋ መሆኑን የሚያሳይ ነገር አለ? የለም። ሰውየው አዝኖ ነበር፤ ሥራው ነው። ድፎ እስከ ወላጆቿ ድረስ ተመስክሮላታል፤ የበሬው አባት ማን እንደሆነ የሚያውቅ ግን አልተገኘም። ቋንጣው ኬላ ላይ ቀረ።

እናቴ እስከ ቶሮንቶ አልተናገረችም። ከተማው መግቢያ ላይ ብቻ «ለእሷ ሁለት ወር ሙሉ ቅጽ ስትሞሉ፣ አንድ መስመር 'ቋንጣ' ብላችሁ መጨመር አቃታችሁ?» አለች።

ቶሮንቶ ደግሞ የራሱ ሕግ አለው፤ የማዘጋጃ ቤቱ ደንብ ሲያድግ ከ3 ሜትር በላይ የሚሆን የእባብ ዓይነት፣ ከ2 ሜትር በላይ የሚሆን እንሽላሊት ቤት ውስጥ ማኖር ይከለክላል። የድፎ ዘር አንድ ሜትር ተኩል ከደረሰ ትልቅ ነው፤ ስለዚህ አይመለከታትም። ይህን ለልጅቱ ሳስረዳ እናቴ ጎን ሆና እንደምትሰማ አላስተዋልኩም።

አሁን በየወሩ መጀመሪያ፣ ልጅቱ ድፎን ከመስታወቱ ሣጥን አውጥታ ስትዘረጋት፣ እናቴ በራፉ ላይ ቆማ የልብስ ሰፊ ሜትሯን ትወረውርላታለች። «በደንብ ያዢው፣ ጭራዋን አትርሺ» እያለች። ባለፈው ስደውል አንድ ሜትር ከሃያ መድረሷን በደስታ ነገረችኝ፤ አይጡ በሳምንት ሁለት ቢሆን ምን ይመስልሃል ብላም አማከረችኝ።