ጋሼ፣ ያንን ጉደር ይክፈቱት

ይድረስ ለውድ ቤተሰቦቼ፤ ጂንካ።

እማዬ፣ «ከሳህ ወይ?» ላልሽው ቀበቶዬ መልስ ሰጥቷል፤ አንድ ቀዳዳ አስፍቻለሁ። አንቺ እህቴ ደግሞ፣ ቶሪኖ ምን እንደምሠራ ሲጠይቁሽ «አንድ አዛውንት ይጦራል» በይ እንጂ «ሆስፒታል ያስተዳድራል» ማለቱን ተዪው። ባለፈው አንዱ የሰፈራችን ሰው ለኩላሊቱ መድኃኒት እዘዝልኝ ብሎ ደውሎልኝ ነበር።

የዛሬው ወሬዬ ሌላ ነው። የጣልያኖቹን ገና ከአዛውንቱ ቤተሰብ ጋር አከበርኩ። የእነሱ ገና በእኛ ታኅሣሥ 16 ነው፤ እኔ ጾም ላይ ነኝ። ገበታው በወይን ጠጅ ተቀቅሎ በቢላ ሳይሆን በዓይን የሚቆረጥ የበሬ ሥጋ፣ ሆዱ በሥጋ የተሞላ አኞሎቲ የሚሉት ፓስታ፣ ምኑ ቅጡ! ለእኔ የተረፈኝ ዳቦና ባኛ ካውዳ የሚሉት፣ ነጭ ሽንኩርት በዘይት ላይ ቀስ ብሎ የበሰለበት ማጥቀሻ ነው። ውስጡ ትናንሽ ዓሣ አለበት። ኦሞ ዳር ኮልቾ ሳለን አባዬ አምባዛን ለጾም የፈቀደበትን ፍርድ ጠቅሼ በላሁ። እማዬ፣ ለንስሐ አባታችን ስትከሺኝ ከእሱ ጀምሪ።

ከዚያ ጠርሙሱ መጣ። ባሮሎ ይባላል፤ ከቶሪኖ በስተደቡብ ባሉት ኮረብታዎች ላይ ከሚበቅል ኔቢዮሎ ከተባለ የወይን ፍሬ ይጠመቃል። ሕጋቸው 38 ወር ሳይሞላው አትሽጡት ይላል፤ ቢያንስ 18ቱን ወር በእንጨት በርሜል ውስጥ ነው። ይሄኛው በ1996 የተለቀመ ነው፤ በእኛ 1989 ጥቅምት ግድም። እኩያዬ! ጠርሙስ ከገባ ወዲህ ምድር ቤት ጨለማ ውስጥ በጎኑ ተጋድሞ ኖረ። ጋሼ፣ «ተኝቶ የሚውል ልጅ ዋጋ የለውም» ይሉኝ አልነበር? እዚህ በተኙ ቁጥር ዋጋ ይጨመራል።

አዛውንቱ አተላው እንዲረጋ ጠርሙሱን ከዋዜማው ጀምሮ አቁመውታል። ቡሹ ሲነቀል ግማሹ ተፈረፈረ፤ ቤቱ ሁሉ ትንፋሹን ዋጠ። ሻማ አበሩ፣ የጠርሙሱን አንገት በብርሃኑ እያዩ ወደ ብርጭቆ ማንቆርቆሪያ ቀስ አድርገው ገለበጡት፤ አተላው ብቅ ሲል አቆሙ። ወጣት ባሮሎ አፍ ያኮማትራል፤ ያ የሚያኮማትረው ነገር በዕድሜ ብዛት እርስ በርሱ እየተያያዘ ታች ይዘቅጣል አሉኝ። እማዬ የጠላዋን አተላ ለላሟ እንደምትሰጥ አልነገርኳቸውም።

ከዚያ ማሽተት ሆነ። ሴት ልጃቸው «ጽጌረዳ» አለች። ባሏ «ሬንጅ» አለ፤ ደስ ብሎት! ተራው ደረሰኝ። አፍንጫዬን ነከርኩና ያገኘሁትን ተናገርኩ፦ የፍየል ቁርበትና የታጠነ ቅል። አዛውንቱ ከመቀመጫቸው ተነሥተው ሳሙኝ። «ቆዳ! ጭስ! ይሄ ልጅ አፍንጫ አለው!» ከዚያ ወዲያ ሁሉም ብርጭቆውን እያመጣ ያሳየኝ ጀመር። እህቴ፣ ሐኪም ያደረግሽኝ ትክክል ሳትሆኚ አትቀሪም።

መዓቱ የመጣው በአማቹ ነው። አንድ ጉንጭ ጎንጭቶ አልውጥ አለ። ጉንጩን ነፍቶ ወይኑን ወዲያ ወዲህ ያንገላታዋል፣ አየር ይስብበታል፣ ዓይኑን ጨፍኗል። እኔ እንዲህ ያለ አፍ የማውቀው በአንድ ሰው ነው፦ ኮልቾ ቤታችን የመጡት የሐመሩ ሽማግሌ፣ ያን ሸፈሮ ቡና ጎንጭተው፣ የአባዬ ነጭ ጋዋን... ታውቁታላችሁ። ሰውነቴ ከእኔ ቀድሞ ገባው። መዳፌን ዘረጋሁ፣ አንገቴን ሰበርኩ፣ ጠበቅኩ።

ዋጠው።

ገበታው ጸጥ አለ። «ምን ሆንክ?» አለችኝ ልጅቷ። በተሰባበረ ጣልያንኛዬ አስረዳሁ፤ እኛ ጋ ሽማግሌ ሲመርቅ ቡናውን እፍ ይላል፣ ያገኘው ይባረካል። ምነው ምላሴን በቆረጠው! አዛውንቱ ዕድሜ ልካቸውን ይህን ፈቃድ ሲጠብቁ የኖሩ ይመስል ከብርጭቆው ጎንጭተው ጉንጫቸውን ነፉ። ልጃቸው «ፓፓ፣ ኖ!» ስትል ረፍዷል። ያን ሁሉ ዓመት የተኛ ወይን ነጩ የጠረጴዛ ልብስ ላይ፣ አማቹ መነጽር ላይ፣ ፓኔቶኔ የሚሉት የገና ኬክ ላይ፣ የልጅቷ ነጭ ሹራብ ላይ ዘነበ። «አሜን» ያልኩት እኔ ብቻ ነኝ።

መጀመሪያ የሳቁት ልጆቹ ናቸው፤ በብርቱካን ጭማቂ ካልመረቅን ብለው ተነሡ። ኋላ ቤቱ ሁሉ ሳቀ። እኔም ስስቅ ብርጭቆዬን ይዤ ወደ ግራ ዞርኩና «እስኪ ቅመሺ» ልል ስል፣ ከጎኔ ያለው ውሻቸው ነው። እህቴ፣ በበዓል ግራዬ የማን ቦታ እንደሆነ እጄ አልረሳም። ትንሽ እንደዚያው ይዤው ቆየሁ። ውሻው ግን ከአንቺ ይሻላል፤ ሳይሰድበኝ ላሰው።

አሁን ወደ እርስዎ ልምጣ፣ ጋሼ። ለሠርጌ ያስቀመጡትን የጉደር ወይን ፎቶ ለአዛውንቱ አሳየኋቸው። ወይን የሚከርመው ተጋድሞ ነው፤ ቡሹ እርጥብ እንዲሆን። ጨለማ ይወዳል፣ ሙቀቱም ከ12 እስከ 14 ዲግሪ ቢሆን ደግ ነው። የእርስዎ ቡፌው ላይ ቆሟል፣ በስተቀኙ ቴሌቪዥን፣ በስተግራው መስኮት፤ ከዚያ በፊት ደግሞ ከእኛ ጋር ኮልቾ ወርዶ ሁለት በጋ ተቀቅሏል። ደግሞም ሁሉም ወይን እንዲከርም ተብሎ አይጠመቅም። አዛውንቱ ፎቶውን አይተው አማተቡ። ጥፋቱ የጉደሩ አይደለም፣ የቡፌው ነው።

ሠርጌን አትጠብቁት፤ እማዬም አትጠይቂኝ። ለእኛ ገና ክፈቱት። ከኮመጠጠ ለሰላጣ ይሆናል። መመረቅ ካማራችሁ ግን አባዬ አስቀድሞ ጋዋኑን ያውልቅ።

ናፋቂያችሁ፣ የቶሪኖው «ሐኪም»