የሁለት ኪሎ ሜትር ጀግና

«ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል» ያሉን አባቶቻችን አንድ ነገር አስቀርተዋል፤ እንቁላሉ ሌላ እንቁላል ደርቦ ያልፋል አላሉም። ይህን ጉድለት የአዲስ አበባ–አዳማ የፍጥነት መንገድ ሞልቶልናል።

መንገዱ በ2006 ዓ.ም. ሲመረቅ በየአቅጣጫው ሦስት ሦስት መስመር ነበረው። ለምን ሦስት እንዳስፈለገ ያልገባው ከአዳማ ወደ አዲስ አበባ ሲመጣ ይገባዋል። አንዱ ለሚቀደመው ከባድ መኪና፣ አንዱ ለሚቀድመው፣ ሦስተኛው የሁለቱን ትንቅንቅ አይቶ ትዕግሥቱ ላለቀ ሌላ ከባድ መኪና ነው። የቤት መኪናማ በሰዓት 120 የሚለውን ሰሌዳ እያነበበ ይከተላል፤ ማንበብ መቼ ተከለከለ?

በቀደም ሞጆን እንዳለፍኩ ጉዱን በቅርብ አየሁት። ሁለት ባለተሳቢዎች ጎን ለጎን ገጥመዋል። ፊቴ የነበረው ሦስተኛው ሁለቱንም ሊቀድም ወደ ግራ ጥግ ገባና፣ ግማሽ አካሉ ከገባ በኋላ ፍሬቻ አበራ። ፍሬቻ እኛ ዘንድ የምሥራች መንገሪያ እንጂ ፈቃድ መጠየቂያ አይደለም። ከተሳቢው ጀርባ «ምቀኛ አታሳጣኝ» የሚል ተጽፏል። ጸሎቱ ሰምሯል፤ በስፖኪዮ ስቆጥር ከእኔ ጋር አሥራ አንድ ምቀኞች ተሰልፈንለታል። ሙሽራ እንኳ ይህን ያህል አጃቢ አያገኝም፤ ያውም ለመንገዱ ከፍሎ የሚያጅብ!

ሒሳቡ ቀላል ነው። አንዱ በ60፣ ሌላው በ62 ይሄዳሉ እንበል። ርዝመታቸውና ከፊትና ከኋላ የሚተዉት ክፍተት ተደምሮ 80 ሜትር ቢሆን፣ ማለፉ 2 ደቂቃ ከ24 ሴኮንድ ይፈጃል፤ ሁለት ኪሎ ሜትር ተኩል መንገድም ይበላል። ከኋላ በ120 የሚመጣው ደግሞ በየሴኮንዱ 16 ሜትር ይጠጋቸዋል። 160 ሜትር ሲቀረው ስልኩን አየት ካደረገ፣ ለንስሐ የቀረው አሥር ሴኮንድ ነው። ማን በ120 ና አለው? ሰሌዳው። እንግዲያው ሰሌዳውን ይክሰስ!

የተጫነ መኪና ዳገት ላይ ማዝገሙ፣ እውነቱን ለመናገር፣ ነውር የለበትም፤ እስከ ቱሉ ዲምቱ መንገዱ ባብዛኛው ሽቅብ ነው። የኔ አድናቆት ለተቀዳሚው ነው። እግሩን ከነዳጁ ላይ ለጥቂት ሴኮንድ ቢያነሳ ጉዳዩ ባለቀ። ግን ጅቡቲ ደርሶ የተመለሰ ሰው ዱከም ላይ ይቀደም? ትንሽ ቁልቁለት ስታገኘው እሱም ይረግጣል፣ እንደገና እኩል ይሆናሉ። የጫነው ማዳበሪያ ቢሆንም የከበደው ክብሩ ነው።

ከምቀኞቹ አንዱ ሲመረው በቀኝ፣ በመንገዱ ትከሻ ሾለከ። ትከሻው ላይ ቆሞ ጎማ የሚቀይር ሰው አለመኖሩ የዕለቱ ተአምር ነበር።

ቱሉ ዲምቱ ክፍያ ጣቢያ ስንደርስ ሁለቱን የቀደመው ጀግና ረጅሙ ሰልፍ ገጠመው። ከተቀደሙት አንዱ ከጎኑ ባለው አጭር ሰልፍ ገባ፣ ከፈለ፣ በመስኮት እጁን አውለብልቦለት ወጣ። ጀግናው ኪሱን እየፈተሸ ቀረ፤ የግራ ፍሬቻው እንደበራ ነው።