ለሣሩ በወር ስንት?

የአዲስ አበባን ሰው «ዛፍ ትወዳለህ?» ብላችሁ ብትጠይቁት «አልወድም» የሚል አታገኙም። ክረምት ሲገባ መሥሪያ ቤቱ በአውቶቡስ ጭኖ ወስዶት ችግኝ ያልተከለ፣ ከችግኙም ጋር ፎቶ ያልተነሣ ሠራተኛ ካለ ያን ሰሞን የዓመት ፈቃድ ላይ የነበረ መሆን አለበት። ጣጣው የሚመጣው «ስንት ትከፍልበታለህ?» የተባለ ዕለት ነው።

ይህን ጥያቄ ይዞብን የመጣው አንድ የዩኒቨርሲቲ ተማሪ ነው፤ የመመረቂያ ጽሑፉ በከተማ አረንጓዴ ቦታዎች ላይ ነው። ንጹሕ አየርና ጥላ ገበያ ወጥተው ስለማይሸጡ፣ የምጣኔ ሀብት ሰዎች ዋጋቸውን የሚያውቁበት አንድ መላ አላቸው፤ ነዋሪውን «ይህ ቦታ እንዲጠበቅ በወር ስንት ብር ለመክፈል ፈቃደኛ ነዎት?» ብሎ መጠየቅ። ሌላ አገር ይሠራ ይሆናል። ኮንዶሚኒየም ውስጥ ግን ወረቀት የያዘ ሰው «በወር ስንት» ካለ የሚሰማው ሌላ ነው። ልጁ ሁለተኛውን በር ሳያንኳኳ «ለሣርም ሊያስከፍሉን ነው» የሚለው ወሬ አራተኛ ፎቅ ደርሶ ነበር።

ቦታችን በሁለት ብሎኮች መሐል ያለች ናት። ፕላኑ ላይ አረንጓዴ ተቀብታለች። መሬት ላይ ግን በርበሬ ሲሰጣባት ቀይ፣ ቅዳሜ አንሶላ ሲሰጣባት ነጭ ናት፤ በበዓል ዋዜማ ደግሞ የቅርጫ በሬ ይታሰርባታል። በአንዱ ጥግ ምድር ቤት ያሉት እማማ ጎመንና ጤና አዳም አላቸው። የኮሚቴው ሰብሳቢ «የጋራ ይዞታን በግል መያዝ» ብለው ጎመኑን ቃለ ጉባኤ ላይ አስፍረውት ነበር፤ በማግስቱ አንድ እስር ወደ ሰብሳቢው ቤት ተላከና ጉዳዩ በይደር ተያዘ።

ሰብሳቢው ለተማሪው የሰጡት መልስ «የድጋፍ ደብዳቤህ ማህተም የታል?» የሚል ነው። ጡረተኛው ሻምበል ገንዘቡ አጥር የሚታጠርበት ከሆነ ይከፍላሉ፤ «ሣሩን መርገጥ ክልክል ነው» የሚል ሰሌዳም ይጨመርበት ባይ ናቸው። እሳቸው ሣር የሚያምረው ከሩቅ ነው ብለው ያምናሉ። ቪትዝ ያለው ጎረቤቴ ደግሞ ሳያቅማማ «200 ብር» አለ። ልጁ ደስ ብሎት ሲጽፍ «ኮብልስቶን ከተነጠፈበት ማለቴ ነው» ብሎ ጨመረበት።

አልፈርድባቸውም። ከተማዋ ራሷ ዛፍን የለካችው በሚሰጣት ጥቅም ነው። አዲስ አበባ በ1879 ዓ.ም ተቆርቁራ ብዙም ሳትቆይ በዙሪያዋ የነበረው እንጨት ለማገዶና ለቤት ሥራ አለቀና፣ ምኒልክ መናገሻቸውን ወደ አዲስ ዓለም ለማዛወር ተነሥተው ነበር። ከተማዋን ያስቀራት ከአውስትራሊያ የመጣው፣ ቶሎ የሚደርሰውና ተቆርጦ መልሶ የሚያቆጠቁጠው ባሕር ዛፍ ነው። ለዓይን ያምራል ብሎ የተከለው አልነበረም። እናቶች ቅጠልና ጭራሮ በጀርባቸው ተሸክመው ቁልቁል በሚወርዱበት እንጦጦ፣ ፓርኩ በ2013 ዓ.ም ከተከፈተ ወዲህ እኛ ሽቅብ ወጥተን ቡና እንጠጣለን።

ተማሪው እንደነገረኝ ሌላም መላ አለ፤ ሰው ፓርክ ለመሄድ ያወጣውን ወጪ መደመር። በዚህ ስሌት ከሆነ የአዲስ አበባን ፓርኮች የሚስተካከል ውድ ነገር የለም። ቅዳሜና እሑድ የሚመጡትን ሙሽሮች አስቡ፤ የአበባ መኪናውን፣ ቬሎውን፣ ሚዜዎቹን፣ ባለ ድሮኑን ቪዲዮ አንሺ። ብቻ ሙሽራው ዛፉን አያየውም፤ የሚያየው ካሜራውን ነው። ከዛፍ ሥር ቁጭ ማለት የፈለገ ሰው የሚሄደው ቤተ ክርስቲያን ቅጥር ግቢ ነው። እዚያ ጥዱ ሥር ለፈተና የሚያጠናው፣ ሥራ ፈትቶ ለቤቱ ያልተናገረው፣ ከጸሎት በኋላ እግሯን የምታሳርፈው፣ ሁሉም መግቢያ ሳይከፍሉ ይውላሉ። ታዲያ የእነሱ ዋጋ በስሌቱ ዜሮ ሊሆን ነው ወይ ብዬ ጠየቅሁት። «አማካሪዬን እጠይቃለሁ» አለኝ።

መጨረሻ ላይ እማማ ዘንድ ደረስን።

«እማማ፣ በወር ስንት ይከፍላሉ?»

«ለምኑ?»

«ይህ ቦታ እንዲጠበቅ።»

«ማን ሊወስደው ነው?»

«ማንም አይወስደውም፤ ለምሳሌ ነው። ሕንጻ ይሠራበታል ቢባል...»

እማማ ነጠላቸውን አጣፉ። «እና እኔ ስሞት ድንኳኑ የት ሊተከል ነው?»

ልጁ ቅጹን ገለባበጠው። አየር ማጣራት አለ፤ መዝናኛ አለ፤ የልጆች መጫወቻ አለ፤ የአእዋፍ መጠለያ እንኳ አለ። ለቅሶ የለም። ገላጣ መሬት ያልተረፈለት ብሎክ ሐዘን ሲደርስበት ምን እንደሚመስል ግን ኮንዶሚኒየም የኖረ ሁሉ ያውቀዋል፤ ለቀስተኛው ደረጃው ላይ ተደርድሮ፣ የእድሩ አግዳሚ ወንበር በጠባቡ መታጠፊያ አላልፍ ብሎ፣ ንፍሮው ከሰው ራስ በላይ እየተላለፈ። እኔ በበኩሌ ከጠዋት ጀምሮ ከሰማሁት ሁሉ ለተመራማሪ የሚበጀው መልስ የእማማ ነው እላለሁ። በብር አውጣው ቢሉኝ ግን አልችልም፤ እድራችንም የሚያስከፍለው ለድንኳኑ እንጂ ለመሬቱ አይደለም።

«ታች 'ሌላ ካለ ይጠቀስ' የሚል አለልህ» አልኩት። እዚያ መጻፍ ጀመረ። እማማ አንገታቸውን አስግገው እስክሪብቶውን በዓይናቸው ተከተሉት።

«ጎመኗን ግን እንዳትጽፋት፣ ልጄ።»