ባለካባውና ቲማቲሙ፦ የሃያስያን ነጥብ የልዕለ ጀግና ፊልምን ይመዝናል ወይ?
የሰው ልጅ የቡናን እርጥበት፣ የደምን ግፊትና የምድርን መንቀጥቀጥ የሚለካበት መሣሪያ ካገኘ ቆይቷል። የውስጥ ሱሪውን ከሱሪው በላይ ያጠለቀ ጎልማሳ ከሰማይ ወርዶ አውቶቡስ በአንድ እጁ ሲያነሳ ተመልካች ምን ያህል መደሰት እንደሚገባው የሚነግር መሣሪያ ግን እስከ እ.ኤ.አ. 1998 ድረስ አልነበረም። ክፍተቱን የደፈነው በበርክሌይ የካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲ የተማረው ሴን ዱዎንግ ነው፤ በዚያ ዓመት ሮትን ቶሜቶስን፣ ማለትም «የበሰበሱ ቲማቲሞች»ን፣ አቋቋመ። ስሙ የመጣው መድረክ ላይ የደከመ ተዋናይን በቲማቲም ከመደብደብ ልማድ ነው። ልማዱ ወደ እኛ አገር አልዘለቀም፤ የቲማቲምን ዋጋ የሚከታተል ሰው ምክንያቱን ለመረዳት ተጨማሪ ጥናት አያስፈልገውም። ለዚህ ጽሑፍ ሲባል የልዕለ ጀግና ፊልም «ባለካባ ፊልም» ይባላል። ካባ በእኛ ዘንድ ሙሽራና ተመራቂ የሚደርቡት ነው፤ ሁለቱም ከሰገነት ለመብረር እንደማይሞክሩ በቂ ልምድ ስላለ ስያሜው ግራ አያጋባም። አይረን ማን እኮ ካባ የለውም የሚል አንባቢ ካለ ልክ ነው። ስያሜው ግን አይለወጥም።

የመሣሪያው አሠራር ከባልትና ቤት ሚዛን ይቀላል። የእያንዳንዱ ሃያሲ ጽሑፍ «ወዶታል» ወይም «አልወደደውም» ተብሎ ይመደባል፤ የወደዱት ከመቶ ስንት እንደሆኑ ይቆጠራል፤ ቁጥሩ 60 ከደረሰ ለፊልሙ ቀይ ቲማቲም ይሰቀልለታል፣ 59 ላይ ከቆመ ግን ግድግዳ ላይ የፈረጠ አረንጓዴ ነገር። አትክልት ተራ የምትውል ሻጭ ይህን ብትሰማ መጀመሪያ የምታዝነው ለቲማቲሙ ነው። እሷ ዘንድ ገና ያልደረሰ አለ፣ ለሰላጣ የሚሆን አለ፣ ጠንከር ብሎ ለነገ የሚቀመጥ አለ፣ ለስለስ ብሎ ለቁሌት በርካሽ የሚሄድ አለ፤ የበሰበሰው ከነዚህ ሁሉ በኋላ የሚመጣ የመጨረሻው ማዕረግ ነው። በአንድ ሃያሲ ድምፅ ከትኩስነት ወደ መበስበስ የተሻገረ ቲማቲም በግብርናው ዓለም አልተመዘገበም።

ቀጣዩ ሒሳብ በደረሰኝ ጀርባ ላይ ሊሠራ ይችላል። 100 ሃያስያን አንድ ባለካባ ፊልም አይተው ሁሉም ከ10 ስድስት ሰጡት እንበል፤ «ምንም አይልም፣ ጊዜ ያሳልፋል» እንደማለት ነው። ስድስት እንደ መውደድ ከተቆጠረ ፊልሙ 100 ከመቶ ይዞ ይወጣል። ሌላውን ፊልም ደግሞ 59ኙ ከ10 አሥር ሰጡት፣ 41ዱ አምስት። አማካዩ ስምንት ሊሞላ ጥቂት ነው የሚቀረው፤ ቲማቲሙ ግን ፈርጧል። ስለዚህ ሚዛኑ የሚቆጥረው ቅሬታ የሌላቸውን ሰዎች ነው እንጂ የፊልሙን ቁመት አይለካም። ነገሩ በድግስ ቤት የታወቀ ነው። ለመቶ እንግዳ ሽሮ ቀርቦ «ይበላል ወይስ አይበላም?» ተብሎ ቢጠየቅ መቶውም ይበላል ይላል፤ ከሽሮ ጋር የተጣላ ሰው ማግኘት ከባድ ነው። ዶሮ ወጥ ሲቀርብ ግን አንዱ በርበሬው በዛ፣ አንዱ ቅቤው አነሰ፣ አንዷ ሽንኩርቱ አልበሰለም ትላለች፤ ጥግ የተቀመጡት ሴትዮ ደግሞ ብልቱን ቆጥረው 12 እንዳልሞላ ለጎረቤታቸው ያንሾካሹካሉ። በመቶኛው ሕግ ሽሮ ዶሮ ወጥን አሸንፏል። ይህ ውጤት በጽሑፍ የደረሳት ወጥ ሠሪ ለሚቀጥለው ሰርግ ምን እንደምትሠራ መገመት አያዳግትም፤ ማርቬል ስቱዲዮስ ከአሥር ዓመት በላይ ጥዶ የከረመው ድስትም በአብዛኛው ይኸው ነው።

ማስረጃ ይቅረብ ከተባለ ጆከርን ማየት ይበቃል። (ጆከር ራሱ ባለካባ አይደለም፤ ባለካባውን የሚያሳብደው እሱ ነው። ከቤተሰቡ ግን አይወጣም።) ፊልሙ እ.ኤ.አ. በ2019 ከቬኒስ ፌስቲቫል ወርቃማውን አንበሳ ይዞ ተመለሰ፣ ለ11 ኦስካር ታጨ፣ ሁለቱን ወሰደ፤ አንዱን ዋኪን ፊኒክስ በትወና፣ ሌላውን ሂልዱር ጉድናዶቲር በሙዚቃ። በቲማቲሙ ሚዛን 70 አልሞላም። እ.ኤ.አ. በ2015 የወጣው አንት ማን በአንጻሩ ጉንዳን የሚያክል ሰው የመጨረሻውን ታላቅ ፍልሚያ በአንዲት ሕፃን መኝታ ክፍል፣ በመጫወቻ ባቡር ሐዲድ ላይ የሚያካሂድበት ሥራ ነው፤ 80ን አልፏል። አንት ማን መጥፎ ፊልም አይደለም። ማንንም አላስቀየመም፣ ሚዛኑም ለዚህ ነው የሸለመው። ሜታክሪቲክ የተባለው ሌላው ሚዛን ከዚህ ይሻላል የሚል ይኖራል፤ እሱ በአዎና በአይደለም አይወሰንም፣ ለእያንዳንዱ ሂስ ነጥብ ሰጥቶ፣ ለአንዳንዶቹም ክብደት ጨምሮ አማካይ ያወጣል። ግን እዚያም ቢሆን ጆከር 59፣ አንት ማን 64 ነው። ግማሹ ታላቅ ሥራ ነው ሲል ግማሹ አደገኛ ነው ብሎ የተጣላበት ፊልምና ሁሉም ትከሻውን የሰበቀበት ፊልም አማካያቸው አንድ ሰፈር ያርፋል። አማካይ ጠብን ከግዴለሽነት አይለይም።

ላይኛው ጫፍ ደግሞ ሌላ ጣጣ አለው። አይረን ማን፣ ዘ ዳርክ ናይትና አቬንጀርስ፡ ኤንድጌም ሦስቱም 94 አካባቢ ተኮልኩለዋል። የመጀመሪያው አንድ ነጋዴ ዋሻ ውስጥ በመዶሻ የብረት ልብስ የሚቀጠቅጥበት፣ ሁለተኛው ሂዝ ሌጀር ካረፈ በኋላ ኦስካር ያገኘበት፣ ሦስተኛው ከ20 በላይ ፊልሞችን ሒሳብ በሦስት ሰዓት የሚዘጋ የዓመት መጨረሻ ኦዲት ነው። እኩል ናቸው የሚል ተመልካች እስካሁን አልተገኘም። እኩል የሆነው ያልወደዷቸው ሃያስያን ጥቂትነት ነው።

ይህ ሁሉ ሲባል መሣሪያው ይጣል ማለት አይደለም፤ ከታች በኩል ሲያዩት ያስደንቃል። እ.ኤ.አ. የ2015ቱ ፋንታስቲክ ፎር ከመቶ አሥር አልሞላም፤ ተሟጋችም አላገኘም። ባትማን ቪ ሱፐርማን እ.ኤ.አ. በመጋቢት 2016 ሲወጣ ነጥቡ 30 አካባቢ ነበር፤ አድናቂው ሃያስያንን እየረገመ ሲኒማ ቤቱን ሞላው፣ በመጀመሪያው ቅዳሜና እሁድ አሜሪካና ካናዳ ብቻ ከ160 ሚሊዮን ዶላር በላይ ገባ። በሁለተኛው ሳምንት ግን ገቢው በ69 ከመቶ ገደማ ወረደ። ያየው ላላየው ነግሯል ማለት ነው። መርዝን ከምግብ ለመለየት አዎና አይደለም ይበቃል፤ አንዱን ወጥ ከሌላው ለማስበለጥ ግን አይበቃም። ሱሳይድ ስኳድስ? 26 ገደማ አግኝቶ ኦስካር አልወሰደም ወይ? ብሎ የሚሞግት ይኖራል። ወስዷል። የወሰደው በሜካፕና በፀጉር ሥራ ነው፤ ሃያስያኑም ቢሆኑ ስለ ቆዳው አልተከራከሩም።

ከተቃውሞዎች ሁሉ የሚበረታው ግን የገንዘቡ ነው፤ ቬነም 30 ገደማ ይዞ ከ850 ሚሊዮን ዶላር በላይ አስገባ፣ ስለዚህ እውነተኛው ሃያሲ ትኬት ቆራጩ ነው ይባላል። ክርክሩ አንድ ትንሽ እንከን አለበት፤ ትኬት የሚቆረጠው ፊልሙ ሳይታይ ነው። ገቢ የሚለካው ፖስተሩን፣ ማስታወቂያውንና የሰውን ተስፋ ነው፤ ቢያንስ እስከ ሁለተኛው ሳምንት ድረስ። እ.ኤ.አ. በ2021 የወጣው ሌላው ፊልም፣ ዘ ሱሳይድ ስኳድ፣ 90 አግኝቶ 170 ሚሊዮን እንኳ አለመድረሱ መጥፎ አያደርገውም፤ ወረርሽኙ ነበር፣ በዚያው ቀንም ቤት ውስጥ ይታይ ነበር። እንግዲያውስ የወጣውን ተመልካች በር ላይ እንጠይቅ የሚሉ አሉ፤ ሲኒማስኮር የተባለው ድርጅት እ.ኤ.አ. ከ1970ዎቹ መጨረሻ ጀምሮ የሚሠራው ይህንኑ ነው፣ በመጀመሪያው ምሽት ለተገኙት ካርድ ያድላል። ግን በመጀመሪያው ምሽት የሚገኘው ማን ነው? የሌሊት ወፏን ሸሚዙ ላይ አሳትሞ የመጣው ነው። ስለ ድግሱ የሙሽራዋን አክስት እንደመጠየቅ ይሆናል። ለዚህም ነው በሲኒማስኮር ቢ ማግኘት እንደ ሐዘን የሚቆጠረው፤ ባትማን ቪ ሱፐርማን ያገኘው ቢ ነበር።

ሃያስያኑ ተገዝተዋል የሚለው ክስም ሳይመረመር አይታለፍም። እ.ኤ.አ. በ2016 እንደ ባትማንና ሱፐርማን ያሉ የዲሲ ጀግኖች አድናቂዎች ሮትን ቶሜቶስ ይዘጋ ብለው በሺዎች ፈርመዋል፤ ሃያስያኑ ለዲሲ ፊልሞች ያላግባብ መጥፎ ሂስ ይሰጣሉ ማለታቸው ነበር። በዚያን ጊዜ ከድረ ገጹ ድርሻ ካላቸው አንዱ ግን ዋርነር ብራዘርስ፣ ማለትም የዲሲን ፊልሞች የሚሠራው ኩባንያ፣ ነበር። ሴራ ከነበረ የራሱን እህል በራሱ ሚዛን ላይ አጉድሎ የሸጠ ነጋዴ ሴራ ነው፤ እንዲህ ያለው በንግድ ታሪክ ብርቅ ስለሆነ ራሱን የቻለ ጥናት ይገባዋል።

ጾመኛ እንግዳ የሚባለው ጉዳይ ከዚህ ይከብዳል። ረቡዕ ዕለት ዶሮ ወጥ ፊት የተቀመጠ ጿሚ ወጡን ዝቅ ቢያደርግ ጥፋቱ የወጡም የጿሚውም አይደለም። ማርቲን ስኮርሴዚ እ.ኤ.አ. በ2019 የማርቬል ፊልሞች ሲኒማ አይደሉም፣ የመዝናኛ መናፈሻን ይመስላሉ ማለቱ ይታወቃል። እሱ ዳይሬክተር ነውና ድምፁ በመቶኛው ውስጥ አይገባም፤ እንደሱ የሚያስብ ሃያሲ ግን ይገባል፣ የቀልድ መጽሔቱን ከልጅነቱ ከሸመደደው ሃያሲም እኩል ይቆጠራል። እ.ኤ.አ. በ2021 የወጣውን ኢተርናልስን የሠራችው ክሎይ ዣኦ በዚያው ዓመት ለኖማድላንድ የምርጥ ዳይሬክተር ኦስካር የወሰደችው ሴት ናት፤ ባለካባው ሥራዋ 50 አልደረሰም። ለአንዱ እንግዳ ጾሙን አስፈታው፣ ለሌላው ደግሞ ዶሮው ውስጥ ሽሮ ገባበት። ብላክ ፓንተር በተቃራኒው 96 ገደማ ነው፣ ለምርጥ ፊልም ኦስካርም ታጭቷል። ቁጥሩ ውስጥ ግን አረንጓዴ ሱፍ ልብስ የለበሱት የዋካንዳ ሽማግሌ የሉም፤ ከንፈራቸው ላይ ልብሳቸውን የሚመስል አረንጓዴ ገል አለ፣ የሱሪንና የሙርሲን ሰው የሚያውቅ ኢትዮጵያዊ ሲያየው ወንበሩ ላይ ቀና ይላል። የልብስ ኦስካሩን የወሰደችው ሩት ካርተር ናት። ያ ገል ደስ አሰኘ ወይስ አስቀየመ የሚለው ሰፊ ክርክር ነው፣ በ96 እና በቀሪዎቹ አራት ነጥቦች መካከል ግን ቦታ አልተያዘለትም።

ሁለት ሚዛኖች በአንድ ሰው እጅ ላይ የተገናኙበት አንድ ክስተት ይቀራል። እ.ኤ.አ. የ2004ቱ ካትዉመን ከመቶ አሥር አልደረሰም፤ ለመጥፎ ትወና የሚሰጠው ራዚ ሽልማት ለዋና ተዋናይቱ ለሃሊ ቤሪ ተወሰነ። በዓመቱ ሥነ ሥርዓቱ ላይ በአካል ተገኘች፣ በአንድ እጇ ወርቅ የተቀባችውን ራዚ ፍሬ፣ በሌላው ከሦስት ዓመት በፊት ለሞንስተርስ ቦል ያገኘችውን ኦስካር ይዛ ንግግር አደረገች። የኦስካር ሐውልት ክብደት አራት ኪሎ ሊሞላ ጥቂት ይቀረዋል።